የዘገየ ለቅሶ

ብቻዬን መጓዝ የጀመርኩት ከጓደኞቼ «ለከርሞ» የተነሳ ነው። አርባ ምንጭ እንሂድ ስላቸው ለከርሞ፤ ሐረር ስላቸው ለከርሞ። አንዷ የልጇ ምርቃት አለባት፣ ሌላዋን ጉልበቷን ያማታል፣ ሦስተኛዋ ባሏን ሳታስፈቅድ ከሰፈር አትወጣም። ሃምሳን ተሻግሬ፣ ከባሌ ተለያይቼ፣ ልጄም የራሷን ጎጆ ከያዘች በኋላ አንድ ቀን ከርሞን ለእነሱ ተውኩላቸውና ለራሴ ትኬት ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲህ የዓመት ፈቃዴን የምጨርሰው አውቶቡስ ላይ ነው።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ቶሎ ከሰው ይተዋወቃል ይባላል። እኔ ግን ወሬ ሲረዝም የሚሰለቸኝ፣ ጥያቄ ሲበዛብኝ ፊቴ የሚለዋወጥ ሴት ነኝ። ጥያቄው ደግሞ አይቀርም። በእኛ አገር አንዲት ጎልማሳ ሴት ብቻዋን አውቶቡስ ላይ ከተገኘች ወይ ዘመድ ልትጠይቅ፣ ወይ ልትታከም፣ ወይ ልትቀብር ነው። «እንዲሁ አገር ልይ ብዬ ነው» ስል ሰው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ያዝንልኛል። ሲታዘንልኝ እንደምናደደው በሌላ በምንም አልናደድም።

ወደ ነቀምት በሄድኩ ጊዜ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ነበር። እድፍ ስለማያሳይ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ጥቁሩ ሻሽም ቢሆን ፀጉሬን መቀባት ካቆምኩ ወዲህ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ሆኖ ስላስጠላኝ ያሰርኩት ነው። ገና ከአዲስ አበባ ሳንወጣ አንድ ሰውዬ ተነስቶ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታውን ለቀቀልኝ። ጨዋ ሰው አልኩና ተቀመጥኩ። አምቦ ስንደርስ ከፊት የተቀመጠች ሴት ሾፌሩን በጆሮው አንድ ነገር አለችው፤ ሙዚቃው ጠፋ። አጠገቤ የነበረችው ሻርፕ የተከናነበች የእኔ እኩያ ሴትዮ ደግሞ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «አብሽሩ» አለችኝ። በወሎ ሰው አነጋገር «አይዞዎት» ማለቷ ነው። ለመንገዱ ድካም መስሎኝ አመሰገንኳት።

አኖ ላይ ለምሳ ወረድን። ቦታውን የለቀቀልኝ ሰውዬ ጆግ ይዞ እጄን አስታጠበኝ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ሥጋውን በእኔ በኩል ገፋ ገፋ እያደረገች «ይቅመሱ፣ ለማልቀስም አቅም ያስፈልጋል» ስትለኝ ነው የገባኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሐዘንተኛ ይዞ እየተጓዘ ነበር፤ ሐዘንተኛዋ እኔ ነበርኩ።

«ማንም አልሞተብኝም!» አልኩ፤ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ ነበር። «ነቀምትን ልጎበኝ ነው የምሄደው!»

ቦታውን የለቀቀልኝ ሰውዬ በትሕትና «ነቀምት... ምኗን?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ አፏን በሻርፗ ሸፍና መሳቅ ጀመረች። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እንባዋን እየጠረገች «ታዲያ ከአምቦ ጀምሮ ሙዚቃችንን ያዘጋሽብን ለምን ይሆን?» አለችኝ። ከ«አንቱ» ወደ «አንቺ» ያኔውኑ ወረድን። እኔም ሳልወድ በግድ ሳቅኩ። ነቀምት ስንደርስ ከመለያየታችን በፊት ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጥበትን ቦታ ነገረችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሌላ ጉዞዬ ቢሆን አልሄድም ነበር። እዚያም እዚህም የሰጡኝ ስልክ ቁጥር አንድም ቀን ሳይደወልበት ስንቱ ጠፍቷል። እሷ ግን ስቃብኝ ነበርና፣ ከሚያዝንልኝ የሚስቅብኝ ይሻለኛል።

ከኮረሪማና ከዝንጅብል ጆንያዎች መሐል ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ። ሳስነጥስ ደንበኞቿ ይስቃሉ። ከእነሱ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፤ ወደ እኔ ዞር ስትል ወሎዬ ትሆናለች። በልጅነቷ፣ በድርቁ ዘመን፣ ከእናቷ ጋር በሰፈራ ወደ ጊዳ አያና እንደመጣች፣ ያደገችውም የወለደችውም እዚያ እንደሆነ አጫወተችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበረው ግርግር ተፈናቅላ ነቀምት ገባች። ይህንን ስትነግረኝ እጇ በርበሬ መስፈሩን አላቆመም።

እኔ ደግሞ ድንች መስሎኝ ከአንዲት ገበሬ የገዛሁትን አሳየኋት። አንጮቴ የሚሉት የወለጋ ሥራ ሥር ነው። ላጥ ላጥ አድርጌ ልቀቅል እንደነበር ስነግራት ራሷን ያዘች። ከነቆዳው ካልተቀቀለ ዋጋ የለውም አሉ። ወደ ቤቷ ወስዳ ቀቅላ፣ ልጣ፣ በቅቤ አሽታ አበላችኝ። ቤቷ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ መቁጠሪያ አለ። «የእናቴ ነው። መጠለያ ውስጥ ሆና ነው የሞተችው» ብላኝ ወዲያው ሌላ ወሬ አመጣች።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ጠዋት ከተማውን እዞራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዱካዬ ላይ ነኝ። የመመለሻዬ ቀን ሲቃረብ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ድንገት «ለቅሶ አለብኝ» አለችኝ።

«ማን ሞተ?»

«ቆየ እኮ።»

አያና ሳለች አጥር የሚለያያት ጎረቤት ነበረቻት፤ ኦሮሞ ናት፣ ጴንጤ። ልጆቻቸው በአንድ ትሪ በልተው ነው ያደጉት። ግርግሩ የተነሳ ቀን የጎረቤቷ ባል እሷን፣ እናቷንና ልጇን በአህያ ጋሪው ጭኖ እስከ አስፋልቱ አደረሳቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰውየው ታመመ። መንገዱ ዝግ ነበርና ወደ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። እሷ ሞቱን የሰማችው መጠለያ ውስጥ ሆና፣ ዘግይታ ነው። ልትሄድ አትችልም ነበር።

«ታዲያ ስልክ ሲከፈት አልደወልሽም?»

እንደ ባለጌ አየችኝ። «በስልክ ለቅሶ ይደረሳል? ላወጣኝ፣ ጋሪው ላይ ለጫነኝ ሰው በስልክ?»

«ቢያንስ እንዴት ነሽ ብትያት።»

«ለቅሶዋን ሳልደርስ እንዴት ነሽ እላታለሁ? በምን አፌ?»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ለቅሶው ካልቀደመ ሰላምታው አይከተልም፤ ሰላምታው ካልተከተለ ወሬ የለም። ሁለት ሴቶች፣ በጋራ ሕይወታቸው አንድም ቀን ተኳርፈው የማያውቁ፣ ለዓመታት ዝም ተባባሉ። በመሐሉ አንዲት የአያና ሴት ገበያ መጥታ «ጎረቤትሽ ‹እሷ እንኳ አልመጣችም› ብላለች አሉ» የሚል ወሬ ጥላላት ሄደች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ብትሄድና በሩን ብትዘጋባትስ? የፈራችው ይህንን ነበር፤ መንገዱንም ከዚህ በላይ አልፈራችውም።

«ለቅሶ ደግሞ ብቻ አይኬድም» አለችኝ። «ልጄ አያና ስለው ይቆጣል። አብረውኝ የተፈናቀሉት ይፈራሉ። አንቺ ከማንም ጋር ነገር የለሽም።» ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ልብስሽም ዝግጁ ነው» አለች።

ሳቅኩ፣ ግን ፈራሁ። አስብበታለሁ ብያት ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩ። ብቻዬን የምጓዘው የማንም ጣጣ ውስጥ ላለመግባት አልነበረም እንዴ? የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ሟች፣ የማልሰማው ቋንቋ። ልጄ ብትሰማ ጉድ ይፈላል። ግን ይህቺ ሴት ከዘመድ አዝማዷ ሁሉ ያጣችውን አብሮ ሂያጅ ከእኔ መፈለጓ ሆዴን አባባው። በጎልማሳነቴ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቁኝ ልብሴን የት እንደገዛሁት ነው፣ ስንት ኪሎ እንደሆንኩ ነው። በማግስቱ እሺ አልኳት።

ከሱቋ ፊት ለፊት የሚነግድ አንድ የጉራጌ ሰው ሾፌሮቹን ጠይቆ መንገዱ ሰሞኑን ሰላም መሆኑን፣ በጠዋት ሄደን ሳይመሽ መመለስ እንዳለብን ነገረን። ሟቹን እሱም ያውቀዋል፤ እህል ያመጣለት ነበር። ለመውጣት ስንነሳ አንድ ከረጢት ስኳር አምጥቶ «የእኔንም አድርሱልኝ» አለ።

እስከ ኡኬ ከተማ ድረስ እንደልማዷ አወራች። ከኡኬ በኋላ ቁልቁል ወደ ቆላው ስንወርድ ዝም አለች። በየኬላው መታወቂያችንን እያሳየን፣ ላብ እያጠመቀን ሄድን። አንዳንድ ቦታ በቆሎው አስፋልቱ ድረስ ለምቷል፤ አንዳንድ ቦታ ጣሪያ የሌለው ቤት ቆሟል። እሷ ወደ ውጭ አትመለከትም። አሁን ጉልበቷን መታ መታ የማደርገው እኔ ሆንኩ።

ከአያና መናኸሪያ ወደ ከተማው ዳር በእግራችን ሄድን። መንደሯ ስትደርስ ቆመች። የእሷ የነበረው ቤት ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው የለም። አጥሩ ግን አዲስ ነው፤ እንጨቱ ገና አልጠቆረም፤ ጓሮው ውስጥ ጎመን ተተክሏል። «ሰው ይዞታል» አለች። ለመመለስ ትዞራለች ብዬ ነበር፤ አልዞረችም።

መንገድ ላይ ያቀደችው ከጎረቤቷ አጥር ጀምራ እየጮኸች ልትገባ ነበር። የዘገየ ለቅሶ እንደዚያ ነው የሚደረሰው አለችኝ፣ ምንም እንኳ የእሷም ሼኮች የጎረቤቷም ፓስተሮች ጩኸቱን ባይወዱት። በሩ ጋ ስትደርስ ድምጿ እምቢ አላት። አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። እንደዚያው ደርቃ ቆመች።

ጎረቤቷ ግቢው ውስጥ ሸራ ዘርግታ በቆሎ ትፈለፍላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ናት። ቀና ብላ አየችን። እጇ ላይ የነበረው በቆሎ ወደቀ። ሰላም አላለችም፣ ግቡም አላለችም። ተነሳችና ወደ ቤቷ ገባች።

ጓደኛዬን ለማየት አፈርኩ። እንደ ለማኝ በሩ ላይ ቆመናል፤ ስኳሩ እጄን ከብዶኛል። እንሂድ ልላት ነበር፣ ግን እንደማትሰማኝ አውቄአለሁ። ተናደድኩም። ሰው ይህን ያህል መንገድ መጥቶ እንዴት ውሃ እንኳ አይባልም እያልኩ በሆዴ ለማላውቃት ሴት ስድብ አዘጋጀሁ።

ሴትዮዋ ተመልሳ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ እንደ ሐዘንተኛ። ግቢውን አቋርጣ መጣች፣ በሩን ከፍታ ወደ እኛ ወጣች፣ ከዚያም በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችና ከጓደኛዬ ጎን ከውጭ ቆመች። እኛ ወደቆምንበት፣ ወደ እንግዳው በኩል።

ወደ እኔ ሳታይ በአማርኛ «እኔስ የእናቷን ለቅሶ መቼ ደረስኩ?» አለች።

ያን ጊዜ ነው ጓደኛዬ የጮኸችው። ሁለቱ ተያይዘው በሩን ገፍተው ገቡ። ባለቤቲቱ ወደ ገዛ ቤቷ እንደ ለቀስተኛ እያለቀሰች ገባች። እኔ ስኳሬን ይዤ ተከተልኩ።

መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወሎዬዋ ሰውየውን በኦሮምኛ ታለቅሳለች፤ ጋሪውን፣ አህያውን፣ መንገዱን ስትጠራ እኔ እንኳ ገባኝ። ጎረቤቷ የጓደኛዬን እናት በአማርኛ ታለቅሳለች። አማርኛውን የተማረችው ከአሮጊቷ ኖሯል፤ ጴንጤዋ ሴት «ወላሂ እናቴ ነሽ፣ ወላሂ አልረሳሁሽም» እያለች ደረቷን ትመታለች። እያለቀሱ አንዷ የሌላዋን እንባ ትጠርጋለች።

በቤቱ ውስጥ ለቅሶ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ሁለቱም መጪ ናቸው። ለቅሶ ቤት ደግሞ የሚቀበል፣ ሲበዛ በቃ የሚል፣ ፊት የሚያስታጥብ ሰው ይፈልጋል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ሟቾቹን አላውቅም፣ ቤቱን አላውቅም፣ ጣሳው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ከበር ኋላ ጄሪካን አገኘሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ፊታቸው ቆምኩ።

«በቃ» አልኩ። «በቃ እህቶቼ። እግዜር ያጥናችሁ።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ፤ በእውነት የቤቱ ባለቤት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አስታጠብኳቸው። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አሁንም በትክክል አላውቅም።

ጩኸቱን የሰሙ የመንደሩ ሴቶች እየሮጡ መጡ። አንዷ በሩ ላይ ያዘችኝና በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። ኦሮምኛ አልሰማም፣ ግን እዚያ በር ላይ ከ«ማን ሞተ?» ሌላ ሊጠየቅ አይችልም። «የቆዩ ናቸው» አልኳት። ገባትም አልገባት፣ ገብታ ተቀመጠችና አብራ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። በርጩማ አቀብላለሁ፣ ውሃ አመላልሳለሁ፣ ጎንበስ ሲሉልኝ ጎንበስ እላለሁ።

ሴቶቹ ወጡ። ከዚያ ጎረቤቷ ወደ ጓደኛዬ ዞረችና አፍንጫዋን አብሳ «አካም ጂርታ?» አለቻት። «ፈያ?» እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ሰላምታው ተጀመረ። ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ እንደገና ስለ ልጅ፤ የከረመውን ሁሉ ነው የተጠያየቁት። በመሐሉ የጓደኛዬ የቀድሞ ግቢ አጥር ተነሳ። ያደሰችው ጎረቤቷ ናት። ባዶ ቦታ ባዶነቱ ከታየ ሰው ይገባበታል ብላ በየዓመቱ ታጥራለች፣ ጎመንም ትተክላለች። ይህንን የተናገረችው በቁጣ ነው፤ «መጥተሽ አታዪውም ነበር?» ብላ። ጓደኛዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

የተቀቀለ በቆሎ በእርጎ በላን። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ተነሽ ብዬ ጓደኛዬን አጣደፍኳት፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ ነው። ጓደኛዬ ግን ከመደቡ አልተነሳችም። «ለቅሶ ቤት ይታደራል» አለችኝ። አንድም ሌሊት አላድርም ብላ የማለችበት መንደር ነው። እንደፈራች ያስታውቃል፤ ጎረቤቷ ግን ቀድማ አጎዛውን አንጥፋለች።

መናኸሪያ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። ሚኒባሱ በር ላይ ጎረቤቷ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። «ቤትሽ የት ነው?» አለችኝ።

«አዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባ የት?»

ለምን እንደምትጠይቀኝ ሳይገባኝ የሰፈሬን ስም ነገርኳት። አልበቃትም። «ለቅሷችንን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ» አለች። «አንድ ነገር ብትሆኚ እንዴት አድርገን ነው የምንደርሰው? ቤቱን የማያውቅ ሰው ከመንገድ ይቀራል። በደንብ ንገሪን።»

«ገና አልሞትኩም እኮ!» ብዬ ሳቅኩ። ጓደኛዬ ትስቃለች ብዬ አየኋት። አልሳቀችም፤ ሻርፗን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ለመስማት ተጠጋችኝ።

እኔ ለሥራ ባልደረቦቼ እንኳ ቤቴን አላሳይም። ሸኝተው ሲያደርሱኝ አንድ ማቆሚያ ቀድሜ እወርዳለሁ፣ ሰው እንዳይመጣብኝ። በየወሩ ለዕድር እከፍላለሁ፤ ማን እንደሚያለቅስልኝ ግን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ወይ አስቤው ፈርቼ ትቼዋለሁ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። ከታክሲ የሚወርዱበትን ቦታ ነገርኳቸው። ከወፍጮ ቤቱ ወደ ግራ መታጠፉን፣ የድንጋይ ንጣፉ ሲያልቅ ያለውን ቅያስ፣ የግቢዬን በር ቀለም ሳይቀር ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ደገሙልኝ። ጎረቤቷ ወፍጮ ቤቱ ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ተቆጣሁና እንደገና ከመጀመሪያው አስደገምኳት።